አዲስ መጻሕፍትና የትምህርት ቤት እንቅስቃሴ በትንሽ ማኅበረሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትንሽ ቤተ መጻሕፍት የሚያንቀሳቅሱ መምህራን፣ በጎ ፈቃደኞችና ወላጆች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች እነሆ።

አዲስ መጻሕፍት ደርሰውናል። ከካርቶኑ ካወጣናቸው በኋላ መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ቁጠሯቸው፤ ከማስረከቢያ ዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ገጽ የጎደለው፣ ተገልብጦ የተጠረዘ ወይም ቀለሙ የደበዘዘ መጽሐፍ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ሻጩ አልቀይርም ቢል አይፈረድበትም፤ ስለዚህ ፍተሻው ከማኅተሙ ይቅደም።

አዲስ ጥራዝ በኃይል ከተከፈተ ጀርባው ይሰነጠቃል፤ ገጾቹም ከጥቂት ወራት በኋላ መርገፍ ይጀምራሉ። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አቁሙትና ሁለቱን ሽፋኖች ግራና ቀኝ አስተኟቸው። ቀጥሎ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ጥቂት ጥቂት ገጽ እየገለጣችሁ፣ ማጠፊያውን በጣት ቀስ አድርጋችሁ እየዳበሳችሁ ወደ መሃል ሂዱ። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ይህን ሥራ ለልጆች አስተምሯቸው፤ በገዛ እጁ ያለሰለሰውን መጽሐፍ የሚቀድድ ልጅ እምብዛም አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ማኅተም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ በጀርባው ላይ የመደርደሪያ መለያ፣ በውስጥ ሽፋኑ ላይ ደግሞ የመመለሻ ቀን የሚጻፍበት ወረቀት ይለጠፋል። ሁሉም ተደማምሮ ከአንድ ሳምንት ማለፍ የለበትም። ወራት የሚፈጅ ከሆነ ችግሩ ከአሠራሩ ነው።

በመዝገቡ ላይ ምን ምን እንጻፍ?

ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የደራሲው ስም፣ ርዕስ፣ አሳታሚና የኅትመት ዓመት፣ ከየት እንደተገኘ (ግዢ ወይም ስጦታ)፣ ዋጋው፣ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ (አይኤስቢኤን)፣ እና “ምርመራ” የሚባል ባዶ ዓምድ። የመለያ ቁጥሩ ከእ.ኤ.አ. 2007 ወዲህ 13 አኃዝ ነው፤ ከዚያ በፊት የታተሙት 10 አኃዝ አላቸው። የተለየ እትም የተለየ ቁጥር ስላለው፣ የጠፋ መጽሐፍ ለመተካት ስትፈልጉ በቀላሉ ያገናኛችኋል።

አንድ ርዕስ በአምስት ቅጂ ቢመጣ አምስት ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ መስመር ላይ “5 ቅጂ” ብሎ የመዘገበ ሰው፣ የትኛው እንደጠፋና የትኛው እንደተቀደደ በኋላ ማወቅ አይችልም።

ያሉን መጻሕፍት ጥቂት ናቸው። ወደ ቤት ባይወሰዱና እዚሁ ቢነበቡ አይሻልም?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ይነሳል፤ የሚያነሱትም መጽሐፍ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። መልሴ ግን አይሻልም ነው። ለማጣቀሻ የሚሆኑትን፣ ማለትም መዝገበ ቃላትን፣ የካርታ መጽሐፍንና ከአንድ በላይ ቅጂ የሌለውን ውድ ጥራዝ እዚያው አስቀሩ። ታሪክ፣ ልብ ወለድና የሥዕል መጽሐፍ ግን ወደ ቤት ይሂድ።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጻሕፍት ከመደርደሪያቸው ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። አንዱን መጽሐፍ በእጅ ለመገልበጥ ወራት ይፈጅ ስለነበር ምክንያት ነበራቸው። ኅትመት ከተስፋፋ በኋላም ሰንሰለቱ ወዲያው አልተፈታም፤ ልማድ ሆኖ ቀጠለ። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 የሙያውን አምስት ሕጎች ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው መጻሕፍት አገልግሎት ላይ ለመዋል የተሠሩ ናቸው የሚል ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ ባይኖርም ቁልፉ አለ። ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ሲሄድ ወይም ሲታመም ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ ይዘጋል።

ወደ ቤት የሄደ መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻ አያነበውም። ታናሽ እህት ሥዕሉን ታያለች፤ ታላቅ ወንድም ጮክ ብሎ ያነባል፤ ያልተማረች አያት ትሰማለች። ትምህርት ቤት ውስጥ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህ አይሆንም። ከመቶ መጽሐፍ ጥቂቱ በዓመት ውስጥ ይጠፋል ወይም ይበላሻል፤ ይህን የንባብ ወጪ ብላችሁ ከወዲሁ በዕቅዳችሁ ያዙት። አንድም ያልጠፋበት ቤተ መጻሕፍት ካያችሁ መዝገቡን ከፍታችሁ ስንት መጽሐፍ እንደተዋሰ እዩ።

ለሦስት መቶ መጽሐፍ የዴዊ አመዳደብ ያስፈልጋል ወይ?

ሙሉው አያስፈልግም፤ አጥንቱ ግን ይጠቅማል። ሜልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የአስርዮሽ አመዳደብ እውቀትን ከ000 እስከ 900 በአሥር ዋና ክፍሎች ይመድባል። 500 የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 600 ቴክኖሎጂና ተግባራዊ ሙያ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ ነው። ወረድ ሲል 598 ወፎች፣ 630 ግብርና፣ 796 ስፖርት ይሆናል። ለትንሽ ስብስብ ከነጥቡ በፊት ያሉት ሦስት አኃዞች ይበቃሉ።

ልብ ወለዶችን ከዚህ አውጥታችሁ ለብቻቸው በደራሲ ስም ደርድሩ። ለጀማሪዎች የተዘጋጁትን የሥዕል መጻሕፍት ደግሞ ሽፋናቸው ወደ ፊት እንዲታይ ዝቅተኛ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧቸው፤ የስድስት ዓመት ልጅ የመጽሐፍ ጀርባ አያነብም። ባለቀለም ወረቀት የምትለጥፉ ከሆነ ቁጥሩንም ጻፉበት፤ ቀለም ለመለየት የሚቸገሩ ልጆች አሉ።

በአማርኛ ፊደል ተራ ስንደረድር ሀ፣ ሐ እና ኀ ያምታቱናል። ምን ይሻላል?

የምታምታታችሁ ሀ ብቻ አይደለችም፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም አሉ። አንዱ አሳታሚ “ዓለም” ብሎ ያተመውን ሌላው “አለም” ይለዋል፤ “ፀሐይ”ም እንደዚሁ ሦስት አራት መልክ አለው። በካርድ ወይም በደብተር የምትሠሩ ከሆነ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት በአንድ ቦታ አሰባስቡና ይህን ስምምነት በማውጫው ሳጥን ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። የቋንቋ መምህራን ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ፈላጊው ግን ያገኛል።

ርዕሱን ሲመዘግቡ ፊደል ማረም አይፈቀድም፤ በርዕስ ገጹ ላይ እንደታተመው ይገለበጣል። በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከርዕሱ ጎን አንድ ተጨማሪ ዓምድ ክፈቱና ርዕሱን በአንድ ወጥ አጻጻፍ (ሁሌ በሀ፣ ሁሌ በሰ፣ ሁሌ በአ፣ ሁሌ በጸ) ድገሙት። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች “ዓለም”ንና “አለም”ን ሁለት ቃል አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ መደርደሪያው ላይ ያለ መጽሐፍ “የለም” ተብሎ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። “ቤተ መጻሕፍት” እና “ቤተመጻሕፍት”ም ለማሽኑ አንድ አይደሉም።

የግድ ኮምፒውተር ያስፈልገናል?

እስከ አንድ ሺህ መጽሐፍ ድረስ በደንብ የተያዘ ደብተር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ወይም በርካታ ተዋሾች ሲኖሩ፣ በነፃ የሚገኘው ኮሃ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ ሥራ የጀመረው ኒው ዚላንድ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አካባቢ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የሚተክለውና የሚንከባከበው ሰው ከሌላችሁ ግን አትቸኩሉ። ተራ የሰንጠረዥ ፋይል ይበቃችኋል፤ በሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው።

አንድ ልጅ ስንት መጽሐፍ፣ ለስንት ቀን ይዋስ?

ለታናናሾቹ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት፣ ለትልልቆቹ ሁለት ለሁለት ሳምንት ይስማማል። የመመለሻው ቀን ከክፍሉ የቤተ መጻሕፍት ሰዓት ጋር ይግጠም፤ ልጅ “ማክሰኞ የእኛ ቀን ነው” ብሎ እንዲያስታውስ። አንብቦ ያልጨረሰው የውሰቱን ጊዜ ማደስ ይችላል፤ ወረፋ ካለበት ግን አይታደስም።

ለረጅሙ የትምህርት ዕረፍት የተለየ ደንብ አውጡ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከመዘጋታቸው በፊት መጻሕፍቱን በሙሉ ሰብስበው ይቆልፋሉ፤ ልጆች ጊዜ የሚያገኙት ግን ያኔ ነው። ሦስት አራት መጽሐፍ ስጧቸውና ይሂዱ።

አዲሶቹን መጻሕፍት ማንም አይነካቸውም። ልጆቹን እንዴት እንሳብ?

የመጀመሪያው ዘዴ ማሳየት ነው። አዲስ መጽሐፍ ከአሮጌው መካከል በጀርባው ከተሰካ አይታይም። ለአንድ ወር ያህል መግቢያው ላይ ሽፋኑ ወደ ፊት ሆኖ ይቁም። ሁለተኛው መናገር ነው፦ ክፍል ገብታችሁ ስለ አንድ መጽሐፍ ሁለት ደቂቃ አውሩ፤ ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ዝጉት። “መጨረሻውስ?” ካሏችሁ መጽሐፉን ስጧቸው። ልጅ ለልጅ ሲያወራ ደግሞ ከእኛ ይበልጥ ይሰምራል።

ሦስተኛው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ በተለይ ቅጂው አንድ ብቻ ሲሆን። በቀን አሥር ደቂቃ፣ አንድ ምዕራፍ። ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል የደረሱት “ይህ የሕፃናት ነው” ይሉ ይሆናል እንጂ ይሰማሉ። ብዙ ልጆች በጆሯቸው የሚረዱት በዓይናቸው አንብበው ከሚረዱት የከበደ ስለሆነ፣ ገና ለብቻቸው የማይችሉትን ታሪክ በእናንተ ድምፅ ይደርሱበታል።

መጽሐፉን ከትምህርት ቤቱ ሌላ እንቅስቃሴ ጋር እንዴት እናገናኘው?

ዓመታዊውን የእንቅስቃሴ መርሐ ግብር የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ይያዘው። የስፖርት ውድድር ከመድረሱ ሦስት ሳምንት በፊት የ796 መጻሕፍት መግቢያው ላይ ይውጡ፤ የሳይንስ ዐውደ ርእይ ሲቃረብ የ500ዎቹ። የአትክልት ክበቡ ዘር ሲዘራ ስለ ዕፅዋት የሚያወራው መጽሐፍ መደቡ አጠገብ ይሁን፤ ጭቃ ቢነካው ይጠረጋል። የድራማ ክበቡ አንድ ምዕራፍ ወስዶ ወደ ትዕይንት ይቀይር። ተውኔቱን ያየ ልጅ በማግስቱ መጽሐፉን ፍለጋ ይመጣል፤ ስለዚህ በዚያን ዕለት መጽሐፉ ማንም ዘንድ እንዳይሆን ቀድማችሁ አስመልሱ።

ቀን ለሚፈልግ፦ የዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቀን መጋቢት 24፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 የሰየመው የዓለም የመጽሐፍና የቅጂ መብት ቀን ደግሞ ሚያዝያ 15 ላይ ይውላሉ። በዓሉ ግን በዓመት አንዴ ነው፤ የሳምንቱ የንባብ ሰዓት ተሰርዞለት ዝግጅት ከሚደረግ ይልቅ ዝግጅቱ ቢቀር እመርጣለሁ።

ብዙ መጽሐፍ ላነበበ ልጅ ሽልማት እንስጥ?

በቁጥር አትሸልሙ። “ሃያ ያነበበ ይሸለማል” ሲባል ልጆች ቀጫጭኖቹን ይመርጣሉ፤ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ አንድ ወር የታገለው ልጅ ተሸናፊ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ባሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሳሉ በኋላ፣ በነፃ ሰዓታቸው የመሳል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ሽልማት ሳይጠብቁ ባገኙት ላይ ግን ይህ አልታየም። ንባብም ልጅ በራሱ የሚወደው ነገር እንዲሆን የምንፈልግ ከሆነ ይህን ልብ ማለት አለብን።

መስጠት ካለባችሁ መብት ስጡ፦ አዲስ ካርቶን ሲመጣ ቀድሞ የመክፈት፣ ለታናናሾች የማንበብ፣ ቀጥሎ ምን ይገዛ የሚለውን የመምረጥ።

ማንበብ ለሚከብዳቸውና ማየት ለተሳናቸው ልጆች ምን እናድርግ?

ያደገ ልጅ የጀማሪ መጽሐፍ ይዞ መታየት ያፍራል። በደረጃ ቁጥር ወይም “ለአንደኛ ክፍል” በሚል ጽሑፍ ሽፋኑን አታበላሹ። ከእሱ ለሚያንሱ ልጆች እንዲያነብ ኃላፊነት ከሰጣችሁት ቀላሉን መጽሐፍ ለመያዝ በቂ ምክንያት ያገኛል፤ እሱም እየተለማመደ ነው። በሥዕል የበለጸጉ፣ አጫጭርና ስለ እውነተኛ ነገር (እንስሳት፣ ማሽን፣ ሰውነት) የሚያወሩ መጻሕፍትም ለእንደነዚህ ልጆች ይቀርባሉ።

ማየት የተሳናቸውን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የማራኬሽ ስምምነት አለ። ስምምነቱን በሕጋቸው ተግባራዊ ባደረጉ አገሮች፣ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ መጽሐፍን በብሬል፣ በድምፅ ወይም በትልቅ ፊደል ማዘጋጀት ይችላሉ። በስልክ የሚቀዳ የተማሪ ንባብ ጥሩ ጅምር ነው፤ ጸጥ ያለ ክፍል ብቻ ይፈልጋል።

የተቀደደና ውኃ የነካው መጽሐፍ እንዴት ይጠገናል?

ተራ ፕላስተር አትለጥፉ። በዓመታት ውስጥ ይቢጫል፣ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ከዚያ ማንም አያድነውም። ስስ ግን ጠንካራ ወረቀት ቀድዳችሁ (በመቀስ ሳይሆን በእጅ፤ ጠርዙ ሻካራ ሲሆን ይበልጥ ይይዛል) ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ ለጥፉና በክብደት ሥር አድርቁት።

ለረጠበው ጊዜ አትስጡ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። በቁሙ ገለጥ አድርጋችሁ ነፋስ በሚመላለስበት ጥላ ውስጥ አቁሙት፤ ከሃያ ሃያ ገጽ መካከል ነጭ ወረቀት እያስገባችሁ ሲርስ ለውጡት። ኃይለኛ ፀሐይ ያጣምመዋል። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ገጾቹ ይጣበቃሉ፤ ማቀዝቀዣ ካለ አቀዝቅዞ ማቆየት ጊዜ ይሰጣል። ሻጋታ የያዘውን ከሌሎቹ ለዩት፤ ለመተንፈሻ አካልም መጥፎ ነው።

ላዘገየ ወይም ለጣለ ልጅ ቅጣት ይኑር?

ለማዘግየት የገንዘብ ቅጣት አልደግፍም። ልጁ መክፈል ካልቻለ መጽሐፉን አይመልስም፤ ራሱም አይመለስም፤ ሁለቱንም አጣችሁ። የቺካጎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ የኒው ዮርኩ ደግሞ በ2021 የማዘግያ ቅጣትን አንስተዋል። እነዚያን የሚያህሉ ካነሱ እናንተን የሚያግዳችሁ የለም።

የጠፋው ሲሆን ቤተሰቡን በአክብሮት አነጋግሩ። የሚችል በሌላ መጽሐፍ ይተካ፤ የማይችል ልጅ የጥገና ሥራ ያግዝ። ስሙን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ግን በምንም ምክንያት አይገባም። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ የልጅ ኀፍረት የቤተሰብ ኀፍረት ነው።

የማይጠቅም መጽሐፍ በስጦታ ቢመጣ፣ ወይም አሮጌው ቦታ ቢያጣብብ ማስወገድ ነውር ነው?

ነውር አይደለም። ሰጪውን ላለማስቀየም ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ገጽ ደንብ አዘጋጁ፦ “የምንጠቀምበትን እንይዛለን፤ የቀረውን ለሚጠቅመው እናስተላልፋለን።” ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው አይቀየምም።

ለማጣራት ቀላል መፈተኛ አለ። የሥነ ፈለክ መጽሐፉ ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው ካለ ከእ.ኤ.አ. 2006 በፊት የታተመ ነው፤ ፕሉቶ ከዋናዎቹ ፕላኔቶች ተርታ የወጣችው በዚያን ዓመት ነሐሴ ነው። ካርታው ደቡብ ሱዳንን ካላሳየ ከ2011 በፊት የተሠራ ነው። የሕክምናና የኮምፒውተር መጽሐፍ ከዚህም ይፈጥናል። ጥሩ ልብ ወለድ ግን አያረጅም፤ ከተቀደደ በአዲስ ቅጂ ተኩት። የምታወጡትን “ከአገልግሎት የወጣ” ብላችሁ አትሙበት፤ መዝገቡም ላይ ቀኑን ጻፉ። የማኅበረሰቡን የራሱን ወረቀት፣ ማለትም የትምህርት ቤቱን የቆየ መጽሔት፣ የምረቃ ዝርዝር፣ የእንቅስቃሴ ፎቶግራፍ ግን በዚህ ሚዛን አታስወግዱ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም።

አንዱን ቅጂ ፎቶ ኮፒ አድርገን ለክፍሉ ብናድልስ?

ሙሉ መጽሐፍ ማባዛት አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት በአባል አገሮች ለጽሑፍ ሥራዎች በጥቅሉ ቢያንስ ደራሲው ካረፈ በኋላ እስከ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ብዙ አገሮች ከዚያም ያስረዝሙታል። ለማስተማሪያ ጥቂት ገጽ መጠቀምን ብዙ ሕጎች ይፈቅዳሉ፤ መጠኑ ስለሚለያይ የአገራችሁን ሕግ ተመልከቱ። ደራሲው በሕይወት ካለ ደግሞ ጠይቁት፤ ለትምህርት ቤት ሲባል ደስ ብሎት የሚፈቅድ ብዙ ነው።

አንድ ወላጅ “ይህ መጽሐፍ ለልጆች አይሆንም፣ ይውጣ” ቢልስ?

አድምጡ፤ ወዲያው እሺም እምቢም አትበሉ። ቅሬታውን በጽሑፍ ተቀበሉ፦ የትኛው ገጽ፣ ለምን፣ መጽሐፉን ሙሉውን አንብበዋል ወይ? ከዚያ መምህር፣ ወላጅና የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ያሉበት ትንሽ ቡድን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ይወስን። እስከዚያው መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይነሳ። ውሳኔውን አንድ ሰው ብቻውን ከተሸከመው ገበያም ሆነ ለቅሶ ቤት ስለሚጠየቅበት ሳይጠየቅ መጽሐፍ መደበቅ ይጀምራል፤ ቡድኑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወላጅ የራሱ ልጅ አንድን መጽሐፍ እንዳይዋስ መጠየቅ ይችላል። ለሌሎች ልጆች መወሰን ግን አይችልም። አንዳንዴ ቅሬታው ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ መጽሐፉ መጥፎ ሳይሆን ለትልልቆቹ የተጻፈ ነው። ያኔ መደርደሪያ መቀየር በቂ ነው።

ልጁ ምን እንደተዋሰ ለሚጠይቅ ሰው መናገር አለብን?

መጽሐፍ ስላልተመለሰ ከሆነ ለወላጁ ይነገራል። ከዚያ ውጭ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለጓደኛ አይነገርም። ስለ ሰውነት ለውጥ፣ ስለ ወላጆች መለያየት፣ ስለ ሐዘን የሚያወራ መጽሐፍ የወሰደች ልጅ ሰው የማይመልስላትን ጥያቄ ይዛ መጥታለች። ወሬው ቀድሟት ቤት ከገባ ሁለተኛ አትመጣም። ለእንደነዚህ ያሉት መጻሕፍት ማንም የማያይበት ጥግ ስጡ፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብም ይቻል።

በካርድ የምትሠሩ ከሆነ የተዋሾች ስም ከላይ እስከ ታች ስለሚታይ፣ ቀጣዩ ልጅ ማን እንዳነበበው ያያል። በካርዱ ላይ ከስም ይልቅ የተማሪ ቁጥር ጻፉ፤ መጽሐፉ ሲመለስም ቁጥሩን በወፍራም እስክሪብቶ ደልዙት።